የእትዬ አፍንጫ

ለታላቅ እህቴ፣

ሌላ ጊዜ ስጽፍልሽ «ጤናሽ እንዴት ነው?» ብዬ ነበር የምጀምረው። ዛሬ ጤናሽን ካንቺ እኩል ስለማውቀው እሱን ዘልዬዋለሁ። ያም ሆኖ ሰላምታ የእግዜር ነውና እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽን ተሻለሽ? ኬክ ቤቱስ ገበያው እንዴት ነው? እኔ አለሁ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ልጆቼን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ። ብቻ ከሰኞ ጀምሮ ጥርሴን ነክሼ ስለምውል መንጋጋዬን አሞኛል። ትንሿ ልጄ «እትዬ መቼ ነው ኬክ ይዛልን የምትመጣው?» እያለች ትነዘንዘኛለች። 

ለምን ስልክ አልደወለችም ትይ ይሆናል። ከደወልኩ ገና ድምፄን ስትሰሚ ታለቅሻለሽ፤ አንቺ ስታለቅሺ ደግሞ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አቅም የለኝም። ጥፋቱ ያንቺ ሆኖ ይቅርታ ጠያቂዋ እኔ እሆናለሁ። ወረቀት ግን እንባ አያይም። ስለዚህ ሥራውን ለሠራተኞችሽ ተዪና፣ በርሽን ዘግተሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው። መሃል ላይ ቀደሽ ብትጥይው እንኳ በልቤ ስለያዝኩት መልሼ እጽፈዋለሁ።

የምሠራውን ታውቂያለሽ። ሰው ሲጠይቅሽ ግን «እህቴ ንፍጥ ታያለች» እያልሽ ስለምታስቂብኝ ዛሬ አንዴ በወጉ ላስረዳሽ። ማሽተት ከተሳናቸው ዓመታት ያለፋቸው ሰዎች አሉ። ከባድ ጉንፋን ይይዛቸዋል፣ ይድናሉ፣ ጉልበታቸው ይመለሳል፣ ድምፃቸው ይመለሳል፤ ሽታ ግን ሳይመለስ ይቀራል። እኛ የምናጠናው የእነዚህ ሰዎች አፍንጫ ውስጥ ያለው ሥጋ ምን እንደሆነ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ካሜራ ያለው ቀጭን ዘንግ አስገብቶ፣ በሁለቱ ዓይኖች መካከል ከላይ ካለው ጠባብ ቦታ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ቁራጭ ይወስዳል። ቁራጯ በሰም ትያዛለች፣ ከወረቀት ሳስታ ትቆረጣለች፣ መስታወት ላይ ተለጥፋ ቀለም ትነከራለች። ከዚያ እኔ ጋ ትመጣና በማይክሮስኮፕ አያታለሁ። ለማነጻጸሪያ ደግሞ ማሽተታቸው ደህና ከሆነ ሰዎች እንዲሁ ይወሰዳል። የትኛው ቁራጭ ከየትኛው ወገን እንደመጣ አይነገረኝም። ዓይኔ እንዳያዳላ ቁጥር ብቻ ነው የሚሰጠኝ።

ደህና አፍንጫ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። የምንጠቀመው ቀለም የማሽተት ነርቮቹን ብቻ ቡናማ ያደርጋቸዋል። ጤነኛ ሰው ላይ ጥቅጥቅ ብለው፣ ራሳቸውን ወደ ላይ አቅንተው ተደርድረው ታያቸዋለሽ፤ ከሥራቸው ደግሞ ወደ አንጎል የሚሄደው የነርቭ እሽግ አለ። ለዓመታት ሽታ የጠፋበት ሰው ላይ ግን ቡናማው ይሳሳል። አንዳንዱ ጋ እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ ብሎ ይቀራል፣ አንዳንዱ ጋ ጨርሶ የለም። ቦታውን ንፍጥ ከመግፋት ሌላ ሥራ የሌለው ተራ ሽፋን ወርሶት ታገኚዋለሽ። ይሄ ለኔ የየዕለት ሥራ ነው፤ አይቼ እጽፋለሁ፣ ሻዬን እጠጣለሁ፣ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ።

ባለፈው ወር ሁሉንም አይቼ ጨረስኩ። ሰኞ ዕለት አለቃዬ የጻፍኩትን ከሁለቱ ወገኖች ጋር ስታስተያይ ቆይታ ጠራችኝ። «ጨርሶ የለም» ብዬ ከጻፍኩባቸው ቁራጮች አንዱ ከጤነኞቹ ወገን ሆኖ ተገኘ።

መጀመሪያ ሐኪሙ ቦታ ስቶ ነው አልኩ። ትንሽ ፈቀቅ ካለ ተራ ሽፋን ነውና የሚወስደው። መስታወቱን መልሼ አየሁት። ከሥር የነርቭ እሽጉ አለ፣ እዚያ ቦታ ላይ ብቻ የሚገኙት እጢዎችም አሉ። ቦታው ትክክል ነው። ከላይ ግን አንድም ቡናማ የለም። ቤቱ ቆሟል፣ ነዋሪው የለም።

እንግዲያው ቁራጩ ከሌላ ሰው ጋር ተቀያይሯል ብዬ ተነሳሁ። ቁራጮቹን የሚያዘጋጀውን ሰው ታውቂዋለሽ፤ ለልደቱ ኬክ የሠራሽለት፣ እኛ «ምላጭ» የምንለው። ሄጄ ሰው ሁሉ ፊት ጮህኩበት። እያንቀላፋህ ነው ወይ የምትሠራው አልኩት። ምላጭ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ጓንቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ወረወረና «ዶክተር፣ ላም ባልዋለበት ኩበት አይልቀሙ» አለኝ። ከሰሙ የተረፈውን እንደገና ቆረጠልኝ፣ ከሌላኛው የአፍንጫሽ ቀዳዳ ለብቻው የተወሰደውንም ጨመረልኝ። ያው ነው። ሁለቱም ባዶ። ይቅርታ ጠየቅኩት፤ እሱም በጄ አለኝ፣ ግን እስከ ዛሬ ሻይ ሲጠጣ አይጠራኝም። ሰው የማያምነው ነገር ሲገጥመው አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው የሚደበድበው። እኛ ቤት ማን እንዲህ እንደተደበደበ ለማስታወስ ብዙ ጊዜ አልፈጀብኝም፤ እሱ ጋ እመጣለሁ።

አለቃዬ በመጨረሻ ቁጥሩን ፈትታ ባለቤቱን አየች። ብዙ የማታወራ ሴት ናት። ወንበሯን ወደኔ ጎትታ ቀስ ብላ «ይቺ እህትሽ አይደለችም?» አለችኝ።

አንቺ ነሽ እትዬ። ያ ባዶ ቤት ያንቺ ነው።

እኛ ቤት እኮ የእትዬ አፍንጫ ማለት ዳኛ ነበር። አንቺ ሳታሸቺው ወተት የሚጠጣ አልነበረም። ሥጋውን ጠጋ ብለሽ «ይሄ ይጣል» ካልሽ ይጣላል፤ እማማ እንኳ በሕይወት ሳለች አትከራከርሽም ነበር። ወንድማችን ሲጋራ መጀመሩ የታወቀው በአንቺ አፍንጫ ነው። እኔ የጓደኛዬን ሽቶ ሰርቄ ተቀብቼ ስገባ ገና ከበሩ የማን እንደሆነ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ለጥናቱ ጤነኛ ፈቃደኛ ጠፍቶ ስጨነቅ ደግሞ «እኔ አለሁ አይደለም እንዴ!» ብለሽ የመጣሽው አንቺው ነሽ። ደም ይፈስሻል አልኩሽ። ሳምንት ያህል ያምሻል አልኩሽ። እርግጠኛ ነሽ ወይ ብዬ ደጋግሜ ጠየቅኩሽ። «ቁረጡት፤ ይሄን የመሰለ አፍንጫ ለትምህርት ካልዋለ ለምን ሊውል ነው!» ብለሽ ነርሶቹን ሁሉ አሳቅሻቸው።

ከጤነኞቹ ወገን ለመግባት የሚሰጠውን የማሽተት ፈተና እንዴት እንዳለፍሽው ሳስብ ደሜ ይፈላል። ጠርሙሶቹን የሞላናቸው አብረን ነው፣ እኔ ቤት፣ ምግብ ጠረጴዛው ላይ። ቫኒላውን ከኬክ ቤትሽ ያመጣሽው አንቺ፣ ሎሚውን የጨመቅሽው አንቺ፣ ክዳኑ ላይ ቁጥር የለጠፍሽው አንቺ። መጀመሪያ ሎሚ፣ ቀጥሎ ቅርንፉድ፣ ቀጥሎ ሳሙና፣ ቀጥሎ ናፍጣ፣ መጨረሻ ቫኒላ። ቅደም ተከተሉን ለየሰዉ እየቀያየርን መስጠት ነበረብን፤ ተቻኩለን አልቀያየርንም። ነርሷ አንድ በአንድ ስትሰጥሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ አፍንጫሽን ነፍተሽ፣ የማባዣ ሠንጠረዥ እንደሸመደደ ተማሪ ወረድሽው። ናፍጣው ላይ ስትደርሺ ፊትሽን አጨማድደሽ «አንሺልኝ!» ብለሻል አሉ። ነርሷ እስካሁን ታወራዋለች። ቲያትር ቤት ነበር መግባት የነበረብሽ! አሁን በአንቺ የተነሳ ጤነኞቹን ሁሉ መልሰን ልንፈትን ነው፤ አለቃዬም የምታናግረኝ በቅንድቧ ሆኗል።

አንዴ ካወቅሁ በኋላ የቀረው ሁሉ ተራ በተራ መጣልኝ። ያ አልጋ ላይ የጣለሽ ክፉ ጉንፋን። ከእሱ በተነሳሽ ማግሥት ኬክ ቤቱን በሚጮህ ሰዓት ሞላሽው። አንዱ ለዳቦው፣ አንዱ ለብስኩቱ፣ አንዱ ለክሬሙ፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀጥላል። ሰዓት ሠሪ ሆነሽ እንዴ እያልን ስንስቅብሽ አብረሽን ትስቂ ነበር። ድሮ እኮ ከፊት ከደንበኛ ጋር እየተሳሳቅሽ፣ ሳትዞሪ፣ «ደርሷል፣ አውጡት» የምትይ ሰው ነበርሽ። «እስቲ ቅመሱልኝ» የሚል ነገርም አመጣሽ። እኛ ፍቅር መሰለን፤ እየተሻማን ቀመስንልሽ።

ለምን አልነገርሽኝም? እህትሽ በዚሁ በሽታ ደመወዝ የምትበላ ሐኪም ናት! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ስንት ጊዜ ነው እማማ የነገረችን? እሺ፣ ፈራሽ እንበል። ኬክ ጋጋሪዋ አታሸትም ከተባለ ደንበኛ ይሸሻል ብለሽ ፈራሽ። ይሄ ይገባኛል። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ «አፍንጫሽን ላሺ» ብዬ እተውሽ ነበር። አፍንጫው ያንቺ፣ ኬክ ቤቱም ያንቺ። ያላበረደኝ የአባባ ነገር ነው።

ያን ቀን እናንሳው። እኔ አልነበርኩም፤ የማውቀው አንቺና አባባ የነገራችሁንን ነው። በአባባ ግቢ ባለው ኬክ ቤትሽ ማድቤት፣ ለክሬም የሚሆን ወተት ቡታጋዙ ላይ ጥደሻል። ንፋሱ ስላስቸገረሽ የማድቤቱን በርና መስኮት ዘግተሽ፣ ጠረጴዛው ላይ ኬክ ታስጌጫለሽ። ከዚያ ደንበኛ ጠርቶሽ ወደ ፊት ወጣሽ። አባባ ከጓሮ፣ ከሬዲዮ መጠገኛ ክፍላቸው፣ እየሮጡ ገቡ። እሳቸው ያሉት ይኸው ነው፦ የጋዝ ሽታ እስከ ጓሮ መጣብኝ፣ ልጄ እዚያ ውስጥ ናት ብዬ ሮጥኩ፣ ሲሊንደሩን ዘጋሁ፣ መስኮቱን ልከፍት ስል የፍሪጁ ሞተር ተነሳና ብልጭ አለ። እጃቸው እስከ ክርናቸው ነደደ። ቅንድባቸው ጠፋ። አንቺ ደግሞ የወተቱን እሳት አጥፍቼ ነው የወጣሁት አልሽ። «እስከ መጨረሻው እዚያው ነበርኩ። ጋዝ ቢኖር እኔ አላሸትም? እኔ?» አልሽ።

ያቺ «እኔ?» ናት በአባባ ላይ የፈረደችባቸው። የእትዬ አፍንጫ የለም ካለ የለም ነዋ! ስለዚህ ጋዙን የከፈቱት ራሳቸው ሆኑ፣ ክብሪት የጫሩትም ራሳቸው፤ የቀረው ሁሉ የሽማግሌ ቅዠት ተባለ።

ወተቱ ገንፍሎ ነው የቡታጋዙን እሳት ያጠፋው፤ ጋዙ ግን መውጣቱን ቀጠለ። አንቺ ጋዝ ውስጥ ተቀምጠሽ የስኳር አበባ ትሠሪ ነበር። ያን ሰዓት አላወቅሽም፣ ይሁን። ማታውንስ? አባባ ሐኪም ቤት ተኝተው ሳለ ምድጃውን ማን ፈተገው? እኔ ስደርስ እጅጌሽን ሰብስበሽ፣ የደረቀ ወተት በቢላ እየፋቅሽ ነበር። «በዚህ ቀን እንኳ አታርፍም!» ብዬ ከኋላሽ አቅፌ ሳምኩሽ። አንቺም ተስመሽ መፋቅሽን ቀጠልሽ። 

አባባ ከሐኪም ቤት ሲወጡ ተሰበሰብን። ወንድማችን እንደ ልማዱ ቆሞ፣ ስብሰባ እንደሚመራ ሰው ተናገረ። ብቻቸውን መተው አይቻልም፣ ነገ ደግሞ ሰፈሩን ያቃጥላሉ፣ እትዬም ሥራዋን ትታ ልትጠብቃቸው አትችልም፣ የአረጋውያን መኖሪያ ይግቡ አለ። አባባ መጀመሪያ እንደ ነብር ነበሩ። ዕድሜ ልኬን የተቃጠለ ሽቦ በሽታው ስለይ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ አላበድኩም አሉ። በፋሻ የተጠቀለለ እጃቸውን እያወዛወዙ «እዚያው ውስጥ ተቀምጣ ነበር እኮ! ተቀምጣ!» እያሉ ጮሁ። አንቺ ተነስተሽ ወጣሽና አንድ ብርጭቆ ወተት ይዘሽ ተመለስሽ። «ይጠጡና ይረጋጉ» ብለሽ፣ እጃቸው ስለማይዝ በራስሽ እጅ አጠጣሻቸው። ከጠጡ በኋላ ድምፃቸው ሌላ ሆነ። «እኔ ነኝ የከፈትኩት። ረስቼው ነው። የምትሉት ቦታ ውሰዱኝ» አሉ። በቃ፣ ያን ያህል ነው የፈጀው። ወንድማችን እፎይ አለ፣ እኔ አለቀስኩ፣ አንቺ ብርጭቆውን ይዘሽ ልታጥቢ ሄድሽ።

ማክሰኞ ሄጄ አየኋቸው። ክፍሉን ታውቂዋለሽ፤ ሁለት አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ ወለሉ ሁልጊዜ መድኃኒት መድኃኒት ይላል። አንቺ ይሄን ሁሉ ጊዜ ስትመጪ ስለዚያ ሽታ አንድም ቀን አማርረሽ አታውቂም፤ እሱም ገብቶኛል አሁን። አባባ የጎረቤታቸውን ሬዲዮ ጀርባውን ከፍተው፣ ብሎኑን በጥፍር መቁረጫ ሊፈቱ ይታገላሉ። ጣታቸው አሁንም እስከ መጨረሻው አይታጠፍም። መሣሪያዬን አምጪልኝ ሳይሉ ሁልጊዜ የሚጠይቁትን ጠየቁኝ። «ምድጃውን በኤሌክትሪክ ቀየረችው ወይ?» እኔም እንደ ሁልጊዜው አዎ አልኳቸው። ደግሞ ሌላ ጨመሩ፤ ወተቱንም ሥጋውንም የገዛችበትን ቀን እየጻፈች ትለጥፍበት በያት አሉ። ስለ እጃቸው ትንፍሽ አላሉም።

እያወራን ሳለ ቀና አሉና አፍንጫቸውን አንቀሳቀሱ። አስታማሚዋን ጠርተው ኮሪደሩ ላይ የአምፖል ማቀፊያ እየነደደ ነው አሏት። እሷ በእኔ በኩል ዓይኗን ጠቅሳ «ጀመራቸው ደግሞ» አለች። እኔ ምንም አልሸተተኝም ነበር፤ ግን ከእንግዲህ አባባን የማላምንበት ምክንያት የለኝምና ኤሌክትሪክ ሠራተኛውን አስጠርቼ ቆሜ አስፈተሽኩ። ከኮሪደሩ መጨረሻ ያለው ማቀፊያ ውስጡ ጠቁሮ፣ ፕላስቲኩ መቅለጥ ጀምሯል። ሠራተኛው አባባን ጎንበስ ብሎ አመሰገናቸው። እሳቸው ግን ስለ ምድጃሽ ወዳቆሙት ወሬ ተመለሱ።

ለአባባ ምንም አልነገርኳቸውም። መንገር አልችልም። ከአፍንጫሽ የተወሰደው ሥጋ የሚናገረው ያንቺ ነው፤ ካንቺ በቀር ለወንድማችንም ለማንም ባወራው ሥራዬን ብቻ ሳይሆን ለበሽተኞቼ የሰጠሁትን ቃል ነው የማፈርሰው። እንዲህ ተናድጄ አፌ ተለጉሞ መቀመጥ ምን እንደሆነ አታውቂም። የሚመጣው እሑድ ደግሞ የቤቱን ሽያጭ ልንፈራረም ነው። ገዢው ኬክ ቤቱን ላንቺ አከራይቶ፣ የጓሮውን ክፍል አፍርሶ መኪና ማቆሚያ ሊያደርገው ነው። ወንድማችን ሬዲዮዎቹን፣ መበየጃውን፣ ያን ሁሉ በትንንሽ ጣሳ የተለየ ብሎን የሚወስድ አሮጌ ዕቃ ገዢ ቀጥሯል። ከዚያ በኋላ አባባ ቢፈቀድላቸው እንኳ የሚመለሱበት ቤት የለም። የአባት ዕዳ ለልጅ ሲተርፍ ነው እስከዛሬ የሰማሁት።

ስለዚህ የምትናገሪው አንቺ ነሽ። እሑድ፣ ፊርማው ሳይፈረም፣ ሁላችን በተቀመጥንበት። ወተቱ ገንፍሎ ነበር በያቸው። ከዚያ ጉንፋን ወዲህ አላሸትም በያቸው። ወንድማችን ይጮሃል፤ ይጩህ። ደንበኛ ይቀንስብሽ ይሆናል፤ እኔ በየሳምንቱ መጥቼ ክሬምሽን አሸትልሻለሁ፣ አባባም ከተመለሱ ካንቺ የድሮ አፍንጫ የማያንስ አፍንጫ ማድቤትሽ ውስጥ አለ።

በዚህ ሁሉ መሃል የሚከነክነኝ አንድ ጥያቄ ነው። ቁራጩ ወዴት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ። የሚያየውም ዓይን የእኔ እንደሆነ ታውቂያለሽ። «ወገቤን አሞኛል፣ አልችልም» ብትይኝ ማን ያስገድድሽ ነበር? ለምን መጣሽ? በአፍሽ መናገር አቅቶሽ በሥጋሽ የነገርሽኝ ከሆነ፣ ይኸው ሰምቻለሁ። ግን መስማት ያለባት እኔ አይደለሁም እትዬ።

አንድ ነገር ደግሞ ሐኪም ሆኜ ልንገርሽ። ከቁራጭሽ አንዱ ጥግ ላይ፣ ከታች፣ አዲስ ነርቭ ሊወጣባቸው የሚችሉ ጥቂት ሕዋሳት አይቻለሁ። ተስፋ ነው ብዬ አልዋሽሽም፣ የለም ብዬም አልዋሽሽም። ጠዋትና ማታ እየተሸተተ የሚሠራ መልመጃ አለ፣ ወራት ይወስዳል፣ አንዳንዱ ሰው ትንሽ ይመለስለታል። ጠርሙሶቹን እኔ እሞላቸዋለሁ። በዚህኛው ዙር ቁጥሩን የምትለጥፊው አንቺ አይደለሽም።

ይሄን ልተወው ብዬ ነበር፣ አልሆነልኝም። ያን ቀን ስብሰባው ላይ አባባ አጠገብ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ያመጣሽላቸው ወተት ኮምጥጦ ነበር። ብርጭቆው በፊቴ ሲያልፍ ሽታው አንገሸገሸኝ። አንቺ ግን እንደ ልማድሽ አፍንጫሽ ሥር አድርገሽ፣ ሳብ አድርገሽ፣ «ጥሩ ነው» አልሽ፤ ሐሳብ ላይ ናት ብዬ አለፍኩት። ብርጭቆውን ከንፈራቸው ስታደርሺው አባባ ቆም አሉ። ወተቱን አዩ። ከዚያ ቀና ብለው አንቺን አዩሽ፣ ቆይተው አዩሽ። ከዚያ ነው አንዲት ጠብታ ሳያስቀሩ ጭልጥ ያደረጉት። እኔም የኮመጠጠ ወተት እንደ ውሃ ሲጠጡ አይቼ፣ እውነትም አባባ አልቀዋል አልኩ በልቤ፤ ወንድማችንን የደገፍኩትም ለዚያ ነው። እነዚያው አባባ ማክሰኞ ዕለት ከአልጋቸው ሳይነሱ የኮሪደር አምፖል አሸተቱ። እንደማታሸቺ የገባቸው ያኔ ነው እትዬ፤ ጥፋትሽንም ከወተቱ ጋር አብረው ዋጡልሽ።

በይ እንግዲህ፣ እግዚአብሔር ወገብሽን ያቅናልሽ፣ እጅሽን ይባርክልሽ። አንደበቱን ይስጥሽ፤ አፍንጫውን ቀስ ብለን እንፈልገዋለን። ለሠራተኞችሽ ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እሑድ ጠዋት አባባን እኔ ራሴ ይዣቸው እመጣለሁ፤ ሸሚዛቸውን ተኩሼ ሰቅዬዋለሁ። የሚጠጡትንም እኔ ነኝ የማቀርብላቸው።

ብትናደድብሽም የምትወድሽ
ታናሽ እህትሽ